የአስጋሪ ትዝታ ከመዝገብ ፊት ሲቆም፦ የአንድ ረጅም ክር ምላሾች

ክሩን፣ ማለትም ምላሾች በተራ የተጻፉበትን ውይይት፣ የከፈቱት ታሪክ አስተማሪ መሆናቸውን የገለጹ ሰው ናቸው። በንግድ ዓሣ ማስገር ሥራ ዕድሜያቸውን የጨረሱ የመርከብ ሠራተኞች፣ መረብ ጠጋኞችና በዓሣ ማዘጋጃ ፋብሪካ የዋሉ ሴቶች የሰጧቸውን የተቀረጹ ቃለ መጠይቆች ሲያዳምጡ መክረማቸውን ነገሩንና በቀጥታ ወደ ቅሬታቸው ገቡ። እንደ እርሳቸው አስተያየት ተናጋሪው ሁሉ የሚለው አንድ ነው፦ ዓሣው ድሮ ትልቅ ነበር፣ ካፒቴኑ ኃይለኛ ነበር፣ ሰው ይተዛዘን ነበር። ይህ የሚያስደስት ትዝታ ቢሆንም ታሪክ ጸሐፊ ሊደገፍበት የሚገባው ወደብ ላይ በተራገፈው ዓሣ መዝገብ፣ በመርከቡ ዕለታዊ ማስታወሻና በመድን ወረቀት ላይ ነው አሉ። በመጨረሻም ወረቀቱ ተሳስቶ የአስጋሪው ቃል ትክክል ሆኖ የተገኘበት አንድ አጋጣሚ እንኳ ካለ የሚያውቅ ሰው እንዲያሳያቸው ጠየቁ። ክሩን እስከ መጨረሻው የጎተተው ይህ ጥያቄ ስለሆነ ምላሾቹን በቁጥራቸው እየጠቀስሁ አወሳለሁ፤ ክብደት የሌላቸውን ግን በአጭሩ አልፋቸዋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1ኛው ምላሽ በትሕትና የቀረበ ድጋፍ ነበር። ጸሐፊው የቃል ታሪክ (የሰዎችን ትዝታ በቃለ መጠይቅ ቀርጾ የሚያኖር ዘዴ) እንደ ተቋም የተጀመረው በሠራተኞች ዘንድ እንዳልሆነ አስታወሰ፤ አለን ኔቪንስ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በ1948 የመሠረቱት ቢሮ በመጀመሪያ የቀረጸው ባለሥልጣናትንና ባለሀብቶችን ነበር፤ ተራው ሠራተኛ ማይክሮፎን ያገኘው ዘግይቶ ነው። ስለዚህ መምህሩ የሚጠራጠሩት ዘዴ ገና ከሥሩ ለሌላ ዓይነት ሰው የተሰናዳ ነው የሚል ነጥብ አነሳ። ነጥቡ ጥሩ ቢሆንም ለተጠየቀው መልስ አይሆንም።

ጥያቄውን ፊት ለፊት የገጠመው 2ኛው ምላሽ ነው። የካናዳዋን ኒውፋውንድላንድ አነሳ። የባሕር ዳርቻ አስጋሪዎቹ መረባቸውን በአንድ ቦታ ተክለው ዓሣው ወደ እነርሱ እስኪመጣ የሚጠብቁ ስለሆኑ የኮድ ዓሣ ሲመነምን ቀድመው የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። ትላልቆቹ መረብ ጎታች መርከቦች ግን ዓሣው የተሰበሰበበትን ቦታ በመሣሪያ እየፈለጉ ስለሚሄዱ፣ የመጨረሻው መንጋ እስኪጠፋ ድረስ በሰዓት የሚያወጡት መጠን ብዙም አይወርድም። በ1980ዎቹ የመንግሥት ግምት በእነዚህ መርከቦች ውጤት ላይ አጥብቆ በመደገፉ የኮዱን ብዛት አጋነነው፤ ዓሣው እያነሰና እየቀጨጨ መምጣቱን የባሕር ዳር ሰዎች ሲናገሩ ግን እንደ ተራ እሮሮ ተቆጠረ። ጁላይ 2 ቀን 1992 የዓሣ ሀብት ሚኒስትሩ ጆን ክሮስቢ ማስገሩ መቆሙን አወጁ። ወደ 30,000 የሚጠጉ ሰዎች ከሥራ ውጭ ሆኑ፤ ለሁለት ዓመት ተብሎ የተጣለው እገዳ የተነሣውም በ2024 ነው። ጸሐፊው ይህን ከዘረዘረ በኋላ መምህሩ የሚፈልጉት አንድ አጋጣሚ ይኸው ብሎ ዘጋ።

3ኛው ምላሽ ወዲያውኑ አረመው፤ የክሩ ቃናም እዚህ ላይ ጠነከረ። ጸሐፊዋ ኒውፋውንድላንድን በሚመለከት የተነገረው በአብዛኛው እውነት መሆኑን ተቀብላ፣ ነገር ግን ከ1992 በፊት የተነገረን ቃልና ከዚያ በኋላ የተቀረጸን ቃል አንድ አድርጎ ማቅረብ የዋህነት ነው አለች። ከመዘጋቱ በፊት ዓሣው እያለቀ ነው ያለ ሰው ሊፈተን የሚችል ነገር ተናግሯል፤ ከመዘጋቱ በኋላ እኔ ብዬ ነበር የሚል ሰው ግን ምናልባት እውነት ይሆናል፣ ምናልባትም ያኔ ሁሉም ሲል የሰማውን የራሱ ያደርገዋል። በተጨማሪም የባሕር ዳር አስጋሪው ከትላልቆቹ መርከቦች ጋር የጥቅም ጠብ ነበረበት፤ ጠበኛ ሁሉ ደግሞ ሐሰተኛ ባይሆንም ቃሉ እንደ ጠበኛ ቃል መመዘን አለበት። በእኔ ሚዛን በክሩ ውስጥ ከተሰጡት መለያዎች ሁሉ የሚልቀው ይህ ነው፤ ይሁን እንጂ ከዚያ በኋላ የመጡት ምላሽ ሰጪዎች ግማሾቹ ጨርሶ ያነበቡት አይመስሉም።

4ኛው ምላሽ ጣሊያናዊውን የቃል ታሪክ ተመራማሪ አሌሳንድሮ ፖርቴሊን ይዞ መጣ። ሉዊጂ ትራስቱሊ የተባለ የብረት ፋብሪካ ሠራተኛ በቴርኒ ከተማ የተገደለው በ1949 የኔቶን ስምምነት ለመቃወም በተደረገ ሰልፍ ላይ ሲሆን፣ ብዙ የሥራ ባልደረቦቹ ግን የሞተው በ1953 በጅምላ ከሥራ ማሰናበትን ለመቃወም በተነሣው ግጭት ጊዜ እንደሆነ አድርገው ይተርኩ ነበር። ፖርቴሊ ስሕተቱን አስወግደው አልጣሉትም፤ ሠራተኞቹ ሞቱን ትርጉም ወደሚሰጥ ቦታ ለምን እንዳዛወሩት ጠየቁ። 5ኛው ምላሽ ብረት ቀጥቃጭ ከዓሣ ጋር ምን አገናኘው የሚል አጭር ቁጣ ነበር። 6ኛው ሁለቱን ለማስታረቅ ሞከረ፤ መርከብ የሰጠመበትን ዓመት የሚያዛንፍ ሽማግሌ በዚያ ማዕበል ጊዜ መርከቡ ላይ ስንት ሰው እንደጎደለና ለምን እንደጎደለ በትክክል ሊያውቅ ይችላል አለ። ማስታረቁ ባይሳካም ሐሳቡ ትክክል ነው።

በ7ኛው ምላሽ ላይ መምህሩ ተመልሰው ገቡና ጥያቄያቸው እንዳልተመለሰ ገለጹ። ኒውፋውንድላንድ የሚያሳየው አስጋሪው ስለ ዛሬው ያየውን መናገሩን እንጂ ስለ ሩቅ ጊዜ ያለው ትዝታ መታመኑን አይደለም አሉ። አካሄዳቸው መልስ ሲያገኙ ጥያቄውን የመለወጥ ይመስላል፤ ቢሆንም መብታቸው ነው።

ለዚህ የተሰጠው 8ኛው ምላሽ በክሩ ውስጥ ከቀረቡት ማስረጃዎች ሁሉ የጠነከረውን ይዞ መጣ። ቴድ ኤምስ የተባሉ በአሜሪካ የሜይን ግዛት አስጋሪ፣ ሳይንስም የተማሩ፣ በሜይን ባሕረ ሰላጤ ድሮ ኮድ እንቁላሉን ይጥልባቸው የነበሩትን ቦታዎች ለማወቅ ጡረታ የወጡ ካፒቴኖችን እየዞሩ ጠየቁ። ትዝታችሁን ንገሩኝ የሚል ልቅ ጥያቄ አላቀረቡም፤ ሆዱ በእንቁላል የተሞላ ዓሣ በየትኛው ወቅት፣ በስንት ጥልቀት፣ በየትኛው የባሕር ወለል ላይ ያወጡ እንደነበር ጠየቁ። ከዚያም የአንዱን ቃል ከሌላው ጋር፣ ሁሉንም ከባሕሩ ወለል ካርታ ጋር አስተያዩ። ከተገኙት ቦታዎች ብዙዎቹ ከብዙ አሥርተ ዓመታት በፊት ባዶ የቀሩ ስለነበሩ የዘመኑ የናሙና መርከቦች ሊያውቋቸው አይችሉም ነበር። ኤምስ በ2005 የማክአርተር ሽልማት አገኙ። የ8ኛው ምላሽ ጸሐፊ ካፒቴኖቹ እነዚህን ቦታዎች ከወንድማቸው እንኳ ይደብቋቸው እንደነበርና አፋቸውን የከፈቱት መደበቁ ዋጋ ካጣ በኋላ መሆኑንም አክሏል፤ ምክንያቱም አንድ የማስገሪያ ቦታ ከዳር በሚታይ ቋጥኝና ማማ አቅጣጫ ተለክቶ የሚያዝ የቤተሰብ ሀብት ነበር።

9ኛው ምላሽ በዚህ ላይ ሌላ ክምር ጨመረ። ዳንኤል ፖሊ የተባሉት የዓሣ ሀብት ሳይንቲስት በ1995 ያቀረቡትን ሐሳብ አስታወሰ፦ እያንዳንዱ ትውልድ ሥራ ሲጀምር ያየውን መጠን እንደ ተፈጥሯዊ መነሻ ስለሚወስድ ውድመቱ በየትውልዱ እየተረሳ ይሄዳል። በሜክሲኮ የካሊፎርኒያ ባሕረ ሰላጤ ሦስት ትውልድ አስጋሪዎችን የጠየቁ ተመራማሪዎች ሽማግሌዎቹ ጠፉ ያሏቸው የዓሣ ዓይነቶችና ቦታዎች ወጣቶቹ ከጠቀሷቸው በብዙ እጥፍ እንደሚበልጡ አሳይተዋል። ድሮ ጥሩ ነበር ማለት የሽማግሌ ጠባይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ልዩነቱ በዓሣ ዓይነትና በቦታ ስም ተለይቶ ባልወጣ ነበር የሚለው የጸሐፊው መደምደሚያ የመምህሩን የመጀመሪያ ቅሬታ በቀጥታ ይነካል። እርሳቸው ግን ለዚህ መልስ አልሰጡም።

10ኛው ምላሽ አቅጣጫውን ወደ የብስ አዞረው። ጸሐፊዋ እስካሁን የተወራው ስለ ዓሣው እንጂ ስለ ሥራው አይደለም ብላ ጀመረችና ሄሪንግ የተባለውን ዓሣ የሚያዘጋጁ የስኮትላንድ ሠራተኛ ሴቶችን ታሪክ ዘረጋችው። እነዚህ ሴቶች ሦስት ሦስት እየሆኑ ይቀጠሩ ነበር፤ ሁለቱ የዓሣውን ሆድ ዕቃ ያወጣሉ፣ ሦስተኛዋ በበርሜል ትደረድራለች። የሄሪንጉን መንጋ እየተከተሉ ከሼትላንድ እስከ እንግሊዟ ያርመዝ ድረስ ይወርዱ ነበር፤ ክፍያቸውም በሞላው በርሜል ይሰላ ነበር። ማለዳ ሥራ ሳይጀመር እያንዳንዷ ጣቶቿን በጨርቅ ቅዳጅ ትጠቀልላለች፤ ቋጠሮውን በጥርሷ ይዛ በክር ታጠብቃለች፤ ምክንያቱም ቢላዋው አጭርና ስል ነው፣ ጨውም የተቆረጠ ጣት ውስጥ ከገባ ቁስሉ እየሰፋ ይሄዳል። ጨርቁ ውሎ ሲያድር በደም፣ በጨውና በዓሣ ዘይት ይደርቃል። መዝገቡ የሚናገረው ስንት በርሜል እንደተላከ ነው። በርሜሉን የሞላው ጣት ምን ይመስል እንደነበር፣ ሦስቱ ሴቶች ገንዘቡን እንዴት እንደተካፈሉት፣ ከሦስቱ አንዷ ስትታመም ሌሎቹ ምን እንዳደረጉ የሚነግረን ግን የራሳቸው ቃል ብቻ ነው። መምህሩ ይህን ስሜት ብለው ሊጠሩት ይችሉ እንደሆነ በአክብሮት፣ ግን በማያሻማ መንገድ ጠየቀቻቸው።

ከ11 እስከ 13 ያሉት ምላሾች መንገድ ሳቱ። አንዱ ነፋስ ባለበት ወደብ የትኛው መቅረጸ ድምፅ እንደሚሻል ጠየቀ፤ ሁለተኛው ማንኛውም ቢሆን ማይክሮፎኑ የነፋስ መከላከያ ስፖንጅ ካልለበሰ ከንቱ ነው አለ፤ ሦስተኛው ቃለ መጠይቅ በወደብ ሳይሆን መረብ በሚጠገንበት ቤት መደረግ አለበት፣ እጁ የተያዘ ሰው አንደበቱ ይፈታልና አለ። ከርእሱ ቢወጡም የሦስተኛው ምክር ሊያዝ የሚገባው ነው፤ እጅ ሥራ ላይ ሲሆን ጠያቂው ያላሰበው የመሣሪያ ስም፣ የቋጠሮ ዓይነትና የመረብ ቀዳዳ ልክ ራሱን እየጠራ ይመጣል።

በ14ኛው ምላሽ ክሩ ጦፈ። ጸሐፊው ራሱን የቀድሞ የመርከብ መካኒክ ብሎ ያስተዋወቀ ሲሆን መምህሩ የሚያመልኩት መዝገብ ማን እንደሚሞላው ያውቁ እንደሆነ ጠየቀ። ኮታ (እንዲወጣ የተፈቀደ የዓሣ መጠን ገደብ) ባለበት ሁሉ የዓሣው ስም ይለወጣል፣ ክብደቱ ይቀነሳል፣ ያለጊዜው የወጣው በሌሊት ይራገፋል፤ ከኮታ ውጭ የሆነው ደግሞ ሞቶ ወደ ባሕር ይወረወርና ያ የተወረወረው ፈጽሞ አይጻፍም። ለምስክር ያቀረበው ስኮትላንድን ነው፦ ከ2002 እስከ 2005 ባሉት ዓመታት ከኮታ በላይ የተራገፈ የማኬሬልና የሄሪንግ ዓሣ፣ ዋጋው በአሥር ሚሊዮኖች ፓውንድ የሚቆጠር፣ በይፋዊው መዝገብ ላይ አልነበረም፤ በ2012 ብዙ ካፒቴኖች በፍርድ ቤት ተቀጡ። በዚያ ዘመን የተጻፈውን ወረቀት አምኖ የዓሣውን ብዛት ያሰላ ሰው ሐሰትን በሐሰት አባዝቷል አለ። አነጋገሩ ጨዋነት ቢጎድለውም ከዚህ በኋላ መዝገቡን እንደ ንጹሕ ዳኛ፣ ትዝታን እንደ ተከሳሽ አድርጎ መቀጠል የሚቻል አልነበረም።

መምህሩ በ15ኛው ምላሽ የስኮትላንዱን ጉዳይ ያጋለጡት መርማሪዎች እንጂ የተቀረጹ ሽማግሌዎች አይደሉም ሲሉ መለሱ። መካኒኩ በ16ኛው ላይ ወደብ ላይ የሚሠራ ሁሉ ከመርማሪዎቹ በፊት ያውቅ ነበር፤ የጠየቀው ግን አልነበረም አለ። ሁለቱም እውነት ተናግረዋል፤ ችግሩ እያንዳንዳቸው የሌላውን ግማሽ መስማት አለመፈለጋቸው ነው።

17ኛው ምላሽ ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል በሚለው ተረት ተንደርድሮ ወደ አስፈሪው ጉዳይ ገባ። በአሜሪካው ቦስተን ኮሌጅ የተከማቹ የሰሜን አየርላንድ የቀድሞ ታጣቂዎች የድምፅ ቅጂዎች ተናጋሪው እስኪሞት ድረስ በምሥጢር እንደሚጠበቁ ተነግሮ የተቀረጹ ቢሆኑም፣ በ2011 በሕግ ትእዛዝ ተጠይቀው ከፊሎቹ ለፖሊስ ተላልፈዋል። ከኮታ በላይ ስላራገፈው ዓሣ፣ ያለፈቃድ ስላሠራው ልጅ፣ በሐሰት ስለተጻፈው የመድን ማመልከቻ የሚናገር አስጋሪም በራሱ ላይ ማስረጃ እየቀረጸ ነው። ጠያቂው ሊጠብቀው የማይችለውን ምሥጢር እጠብቃለሁ ብሎ ቃል መግባት የለበትም ሲል ደመደመ። 18ኛው ምላሽ በቁጣ ተነሣ፤ እንዲህ ከሆነ ማኅደሩ የሚሞላው በፀሐይ መጥለቂያና በዘፈን ብቻ ነው፤ ለታሪክ የሚጠቅመው ሁሉ ቴፑ ሲጠፋ ይነገራል አለ። 19ኛዋ ምላሽ ሰጪ ይህንኑ በገጠመኟ አጸናችው። ቃለ መጠይቅ ታደርግለት የነበረ አንድ አረጋዊ ካፒቴን መቅረጫው እንዲዘጋ ጠየቀ፣ ተዘጋም፤ ከዚያ በኋላ የነገራት ከበፊቱ ሁሉ የሚበልጥ ነበር፤ እርሷም እስከ ዛሬ አንድ መስመር አልጻፈችም፣ ልትጽፍ እንደሚገባትም እርግጠኛ አይደለችም። ማንም አልመከራትም። ለነገሩ ምን ብሎ ይመክራታል?

20ኛው ምላሽ ወደ ሥራው ኑሮ መለሰን። ጸሐፊው በእንግሊዟ የሃል ከተማ በ1968 ጃንዋሪና ፌብሩዋሪ ሦስት ጎታች መርከቦች ተከታትለው ሰጥመው 58 ሰዎች መሞታቸውን፣ ከሦስቱም መርከቦች የተረፈው ሃሪ ኤዶም ብቻ መሆኑን አወሳ። ሴንት ሮማነስ የተባለችው መርከብ የሬዲዮ ሠራተኛ ሳትይዝ ነበር የወጣችው። ሊሊያን ቢሎካ የምትባል የዓሣ ፋብሪካ ሠራተኛ ሴቶችን አስተባብራ 10,000 ያህል ፊርማ አሰባሰበች፤ እያንዳንዱ መርከብ የሬዲዮ ሠራተኛ ካልያዘ ወደ ባሕር እንዳይወጣ ወደቡ ድረስ ሄዳ ተጋፈጠች፤ ጥያቄዎቹም ተቀባይነት አገኙ። እርሷ ግን ሥራዋን አጣች፤ ከዚያ በኋላም በዓሣው ሥራ የሚቀጥራት አላገኘችም። የዚያው ወደብ አስጋሪዎች ከአይስላንድ ጋር በተደረገው የማስገሪያ ወሰን ክርክር ምክንያት በ1970ዎቹ አጋማሽ ሥራቸው ሲያበቃ እንደ ጊዜያዊ ሠራተኛ ስለተቆጠሩ የስንብት ካሳ አልተከፈላቸውም፤ የካሳ መርሐ ግብር የተጀመረው በ2000 ነው። በወረቀት ላይ ጊዜያዊ የተባለው ሰው ከልጅነቱ እስከ ጡረታው ለአንድ ባለቤት ሲሠራ መኖሩን የሚያስረዳው የራሱ ቃል ነው የሚለው ነጥብ ከ14ኛው ምላሽ ጋር ተጋግዞ መዝገቡን ሁለተኛ ጊዜ መታው። 21ኛው ምላሽ ቢሎካ ብቻዋን እንዳልነበረች፣ ኢቮን ብሌንኪንሶፕ፣ ሜሪ ዴነስና ክሪስቲን ጄንሰንም አብረዋት እንደነበሩ አረመ፤ የአንድ ሰው ስም ብቻ ይዞ መቅረት የትዝታ ብቻ ሳይሆን የጋዜጣም በሽታ ነው አለ።

22ኛው ምላሽ አጭር ነው፤ እኔ ግን ብዙ ቆሜበታለሁ። የምናወራው ሁሉ ወደ ቤታቸው ስለተመለሱ፣ ወንበር ስላላቸው፣ ልጅ ልጆቻቸው ሻይ እያቀረቡ ስለሚናገሩ ሰዎች ነው አለ ጸሐፊው። ዛሬ በሩቅ ባሕር መርከቦች ላይ የሚሠሩት በብዛት ከኢንዶኔዥያና ከፊሊፒንስ በደላላ የተቀጠሩ ናቸው፤ ወደብ ሲደርሱ ብዙ ጊዜ ለመውረድ ፈቃድ የላቸውም፤ ፓስፖርታቸው በካፒቴኑ እጅ የሚያዝባቸውም አሉ። የዓለም የሥራ ድርጅት በ2007 ያወጣውና በ2017 ሥራ ላይ የዋለው የዓሣ ማስገር ሥራ ስምምነት የጽሑፍ ውልና የዕረፍት ሰዓት ያዝዛል፤ ውሉና የዕረፍት ሰንጠረዡ መርከቡ ላይ ስለመኖሩ ወረቀት ይመሰክራል፣ ሰውዬው ስለመተኛቱ ግን ራሱን ካልጠየቁት አይታወቅም። ከዛሬ ሃምሳ ዓመት በኋላ መምህሩን የመሰለ ሰው ማስረጃ ሲፈልግ የእነዚህን ድምፅ ከየት ያመጣል? አንድም ሰው አልመለሰለትም፤ ክሩ ያለ ርኅራኄ ወደ ሌላ ነገር ተሻገረ።

መምህሩ በ23ኛው ምላሽ የሚቀበሉትንና የማይቀበሉትን ለዩ። የኤምስን ሥራ ይቀበላሉ፤ ምክንያቱም ቃል ከቃል ጋር፣ ቃልም ከባሕር ወለል ጋር ተመሳክሯል። የሄሪንግ ሴቶቹንም ይቀበላሉ፤ የጣት ጨርቅ ለመዋሸት የሚያጓጓ ነገር አይደለምና። የማይቀበሉት ያኔ ሰው ይተዛዘን ነበር የሚለውን ነው። መካኒኩ በ24ኛው ላይ መተዛዘንም ቢሆን ይለካል ብሎ መለሰ፤ የድርሻ ክፍፍሉን መጠየቅ ነው። ከሽያጩ የነዳጅ፣ የበረዶ፣ የማጥመጃና የስንቅ ወጪ ተቀንሶ፣ የመርከቡ ድርሻ ተነሥቶ፣ የቀረው ለሠራተኛ ሲከፋፈል የታመመ ሰው ድርሻ ተጠብቆለት ነበር ወይስ ተቆረጠበት? መልሱ የመተዛዘኑን ልክ ይናገራል። በዚህ ክር ካየኋቸው ስለታም ሰዎች ይህ አንዱ ነው፤ ስድቡን ቢቀንስ ደግሞ የበለጠ ይሰማ ነበር።

25ኛው ምላሽ ከዚህ ተነሥቶ የመጠይቅ ረቂቅ አቀረበ። ሕይወትህን ተርክልኝ ከማለት ይልቅ አንድ ጉዞ ብቻ እንዲመረጥ፣ በረዶው ከተጫነበት ሰዓት አንሥቶ ድርሻው እስከተከፈለበት ድረስ በቅደም ተከተል እንዲጠየቅ፣ የት ተኛህ፣ ማን አበሰለ፣ መረቡ ሲቀደድ ማን ጠገነ፣ የተቆረጠ እጅ በምን ታሰረ፣ ቤት የቀረችው ሴት ዜናውን ከማን ሰማች የሚሉ ጥያቄዎች እንዲካተቱ ሐሳብ ሰጠ። መምህሩ በ26ኛው ላይ ረቂቁን ወደዱትና አንድ ጥያቄ እንዲጨመር አሳሰቡ፦ በመዝገብ የሰፈረው ክብደት ከተራገፈው ዓሣ ጋር ይስማማ ነበር ወይ? የ17ኛው ምላሽ ጸሐፊ ይህ ጥያቄ ተናጋሪውን ፍርድ ቤት የሚያቆም ነው ሲል ተቃወመ፤ የ19ኛዋ ጸሐፊ መልሱ ለተወሰነ ዓመት ታሽጎ ይቆይ አለች፤ መካኒኩ የታሸገውን ማኅተም ዳኛ እንደሚያስነሣው ቦስተንን ጠቅሶ አስታወሳት፤ መምህሩም የሚጠየቁት ሥራውን ከተዉ፣ ክስ ሊመሠረትበት የሚችልበት ጊዜ ካለፈባቸው ሰዎች ብቻ ቢሆንስ ሲሉ ጠየቁ።